ዞማ ሙዚየም፦ የገጠር የጭቃ ቤት ሙያ ወደ ጥበብ ማዕከልነት ያደገበት ስፍራ

ዞማ ሙዚየም በአዲስ አበባ ከተማ መካኒሳ አካባቢ የሚገኝ፣ በጥበብ ባለሙያዎች ተመሥርቶ በእነርሱው የሚመራ ማዕከል ነው። መሥራቾቹ ሠዓሊና ቀራፂ ኤልያስ ስሜ እንዲሁም የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና የአውደ ርእይ አዘጋጅ መስከረም አሰግድ ናቸው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል በሚል መጠሪያ ሲሆን፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1979 በካንሰር ሕመም ሕይወቷ ላለፈው ወጣት ሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው።

የግንባታው ጥበብ

ማዕከሉን ከሌሎች የጥበብ ቤቶች የሚለየው ሕንፃው ራሱ የጥበብ ሥራ መሆኑ ነው። መሥራቾቹ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ገጠሮች እየተዘዋወሩ ነባር የአሠራር ልማዶችን አጥንተዋል። ግድግዳዎቹም የገጠሩ ነዋሪ ጠንቅቆ በሚያውቀው ጭቃና ጭድ ተሠርተው፣ በእጅ በወጡ ጌጦች አምረዋል።

የጭቃ ቤት ሙያ ቀላል መስሎ ቢታይም ረቂቅ ዕውቀት ይጠይቃል። አፈሩ ተመርጦ ከጭድ ጋር ይለወሳል፤ በእግር እየተረገጠም ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አጥብቆ ይይዘዋል። በሚገባ ያልቦካ ጭቃ ከተመረገ በኋላ ይረግፋል። የእንጨቱ ምስጥና የግድግዳው እርጥበት የዚህ ቤት ዋነኛ ጠላቶች በመሆናቸው፣ የድንጋይ መሠረትና ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ዕድሜውን ያራዝማሉ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ደግሞ ብርድን ያለዝባል።

ይህ ሥራ በአንድ ሰው እጅ አይጠናቀቅም። በገጠር ቤት የሚሠራው በደቦ እንደሆነ ሁሉ፣ በዞማም የሠዓሊው ንድፍና የግንበኛው ልምድ ተጣምረዋል። በዚህ መንገድ ያለ ስም የኖረው የጭቃ ባለሙያ የፈጠራው ተካፋይ ይሆናል።

የአትክልት ስፍራውና ትምህርቱ

በግቢው የአውደ ርእይ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የአትክልት ማሳና የወተት ላሞች ይገኛሉ። ልጆች ሥዕልን ከእርሻ፣ እርሻን ከአካባቢ ጥበቃ ሳይለዩ ይማራሉ። ጭዱ ለግድግዳ ልስን፣ ፍግ ለማሳ ማዳበሪያ እንደሚሆን ለሚያውቅ አርሶ አደር ይህ ቅንጅት እንግዳ አይደለም፤ የከተማ ጎብኚ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ይሆንበታል።

ከተጣለ ዕቃ የተፈጠረ ጥበብ

እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ ቁልፍ፣ ክርና ሌሎች የተጣሉ ዕቃዎችን በመሰብሰብ ይታወቃል። ከመርካቶ በሚያገኛቸው የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የሠራቸው ትላልቅ ሥራዎች በዓለም አቀፍ መድረኮች ታይተዋል። የተናቀን ነገር አንሥቶ ዋጋ መስጠት የዞማም መርሕ ነው።

የዞማ ትርጉም

በአሁኑ ጊዜ በገጠርም ሆነ በከተማ ሲሚንቶና ብሎኬት የዘመናዊነት፣ ጭቃ ደግሞ የድህነት ምልክት ተደርገው ይታያሉ። ወጣቱ ሙያውን ካልተረከበ ዕውቀቱ ከአዛውንቶቹ ጋር ይቀበራል። በመጽሐፍ ያልሰፈረ ሙያ የሚቆየው በሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው። ዞማ ያሳየው አማራጭም ይኸው ነው፦ የአባቶችን ጥበብ ለመታሰቢያ ከማስቀመጥ ይልቅ በዘመኑ ባለሙያዎች እጅ ማሠራት።