ከእቁብ ደብተር እስከ ሶዶ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ አለም ገና ላይ ከጅማው መስመር የሚገነጠለው መንገድ አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ይሻገራል። የጢያን ትክል ድንጋዮች በጎን ትቶ ቡታጅራን፣ ከዚያም ሆሳዕናን ያልፍና ወላይታ ሶዶ ይገባል። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ማን እንዳስጀመረው አይጠይቅም። ቢጠይቅም መልሱ «መንግሥት ነዋ!» ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። መንገዱ ይሠራልን ብሎ ደጅ የጠናው፣ ኮሚቴ ያቆመውና ከኪሱ ያዋጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ የሕዝብ ማኅበር ነው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የውጭ አገሩን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አፍሪካ ንግድና ልማት በሚጻፈው ሁሉ «ሲቪል ማኅበረሰብ» የሚል ቃል ሳይገባ አይቀርም። በተለይ የአህጉሪቱ የነፃ ንግድ ቀጣና ስምምነት መጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ከተፈረመ ወዲህ ጽሑፉ በዝቷል። ሲቪል ማኅበረሰቡ «ይሳተፍ»፣ «ግንዛቤ ይፍጠር»፣ «ይከታተል» ይባላል። ይህን ስናነብ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በሩ ላይ ታፔላ የሰቀለ ቢሮ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ላንድክሩዘር፣ የሆቴል ስብሰባና አበል ነው። እንደነዚህ ያሉ ድርጅቶች ጥሩ ሥራ አልሠሩም አልልም። ሆኖም ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ሥራው ነበር። ያን ሥራ የሠሩት ማኅበራት እስከ የት እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው? የት ላይስ ቁሙ ተባሉ? እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከገበያው ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ ነበር። የውጭ ንግዱና ትልልቁ ሱቅ በሕንዶች፣ በአረቦች፣ በአርመኖችና በግሪኮች እጅ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ብሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የምንለው ከዚያ መጣ። የሕንዱን የመሐመድአሊን ኩባንያ የመሰለ ትልቅ ቤትም በ1929 ዘግቶ አባረረ። ጠላት ከወጣ በኋላ ገበያው ላይ ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳውን ከሞሉት መካከል ከጉራጌ አገር በእግራቸው የመጡ ሰዎች ቀዳሚ ናቸው። አባቶቻቸው ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ሸክም ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ልጆቹ ሊስትሮ ሆኑ፣ ሱቅ በደረቴ ያዙ፣ ቀጥለው መደብ፣ ቀጥለው ሱቅ ያዙ።

በምን ገንዘብ? ባንክ አልነበረም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነበር። ግን ለሱቅ በደረቴ ባለቤት የባንክ በር ግድግዳ ነው። ማስያዣ የለውም፣ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ማመልከቻ የሚጽፍለትም የለም። ያለው እቁብ ነው።

እቁብን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ የለም፤ ቢሆንም አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሃያ ሰው በየሳምንቱ እኩል ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ጠቅላላውን ይወስዳል። ብልሃቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ ራሱ እቁብተኛ ወይም ሰፈር የሚያውቀው ነጋዴ ነው። ዳኛው ዋሱን አይቶ «ይበቃል» ወይም «ሌላ ጨምር» ይላል። ገንዘቡ የቸኮለበት ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ይገዛል፤ ለዚያ የሚቀነሰው ገንዘብ፣ ስሙን ባንጠራውም፣ ወለድ ነው። ሰው ሲታመምበት ወይም እቃው ሲቃጠልበት ዳኛው ተራ ያሸጋግርለታል። የብድር መመዘኛው፣ ማስያዣው፣ የወለድ ገበያውና መድኑ አንድ ደብተር ላይ ነው ያሉት። ደብተሩን የሚይዘው ጸሐፊ አንዳንዴ አራተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም።

እድርም አለ። እድር የቀብር ነው ብለን ብናልፈውም አንድ ትልቅ ነገር አስተምሯል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ደንብ ጽፈው፣ ሊቀመንበር መርጠው፣ ገንዘብ ያዥ ሾመው፣ የቀረን ቀጥተው፣ ኦዲት አድርገው እንዲኖሩ። መሬትና ርስት ባልተጋራበት ከተማ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ከዚህና ከዚያ የመጣው፣ አንድ ድንኳን ሥር የተቀመጠው በእድር ነው።

መንገዱ የመጣው ከዚህ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ለመስቀል አገር ቤት መግባት አለበት። ልብስ ይገዛል፣ ስኳርና ቡና ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ጭቃና ወንዝ ነው። ክረምቱ ከከረመ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እንኳ ጎማው ይሰምጣል። ቤተሰቡ ጋ ሲደርስ የሚያየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ መርካቶ ላይ በውድ የሚገዛው በርበሬ እዚያ የሚገዛው አጥቶ ተዘርግቷል። የማረቆ በርበሬ ስሙ ዛሬም የታወቀ ነው። መኪና በማይገባበት አገር ግን የበርበሬን ዋጋ የሚቆርጠው አህያ ያለው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገዢ ብቻ ካለ ገበሬው የሰጡትን ይቀበላል፤ ከብቱ ግብር ይከፈልበታል፣ እህሉ ይነቅዛል። ነጋዴው ይህን በሁለቱም ጫፍ ያውቀዋል፤ ልጅም ነው፣ ገዢም ነው።

መንግሥት መንገድ አይሠራም ነበር ማለት አይደለም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ሲቋቋም ከዓለም ባንክ የተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ከኋላው ነበረ። ነገር ግን ዓይኑ ያረፈው ጣሊያን ትቷቸው በሄዱት ዋና መስመሮችና ወደ ወደብ በሚወስዱት ላይ ነው። እንሰት የሚበላ አገር ወደ ውጭ የሚላክ ቡና የለውምና ተራው አይደርሰውም። «እንግዲያው እኛው እንጀምረው» የተባለው በዚህ ጊዜ ነው። የአለም ገና–ሶዶ መንገድ ማኅበር ተቋቋመ፤ የሰባት ቤት ጉራጌን ምድር ለማገናኘት ደግሞ የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት ተነሣ፤ ከፊት ከቆሙት አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። ከተሜው በሥራ ቦታው፣ ገበሬው በቀዬው ያዋጣል። የተዋጣውን ይዘው መንግሥትን «የኛ ድርሻ ይኸው፣ የናንተን ጨምሩ፣ መሐንዲስ ስጡን» ይሉታል። እቁብ ላይ ሰው የሚታመነው ቀድሞ በጣለው ነው፤ መንግሥትንም በዚያው መንገድ ነው የያዙት።

ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ስለዚሁ ማኅበር ነው። ጥናቱ የጎሳ ማኅበር ብሎ ቢመድበውም፣ እኔን የሚገርመኝ የመንገዱ መድረሻ ነው። ሶዶ ሲባል ክስታኔ ጉራጌው ሶዶ አለ፤ ይህ ግን የወላይታው ነው። መስመሩ መስቃንን፣ ስልጤን፣ ሀዲያን፣ ከምባታን አካሎ ነው የሚሄደው። መንገድ በባሕርዩ በሌላ ሰው ደጅ ሳያልፍ አይደርስም፤ የአንድ አገር ልጆች ነን ብለው የጀመሩ ሰዎች የጎረቤታቸውንም ገበያ ከፈቱ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ክትፎ በቆጮ ስንበላ ቆጮው በምን መጣ ብለን አንጠይቅም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 1955፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። አጀማመሩ ከመንገድ ማኅበራቱ ብዙ አይለይም፤ መዋጮ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድ። ጄኔራል ታደሰ ብሩም በኋላ ገቡበት። ማኅበሩ ግን በየአውራጃው ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ በስብሰባው ላይም ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ መሬትና ትምህርት ለማን እንደሚደርስ ይነገር ጀመር። በ1959 ሲኒማ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ መሪዎቹ ተከሰሱ። ማሞ መዘምር ተሰቀለ፤ የጄኔራል ታደሰ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ማኅበሩ ተዘጋ።

ሁለቱን ምን ለያያቸው? ጎሳ ነው እንዳይባል ሁለቱም በትውልድ አገር የተሰባሰቡ ናቸው። ባለሥልጣን አልነበራቸውም እንዳይባል ሁለቱም ጄኔራል ነበራቸው። የኔ ንባብ ይኸው ነው፤ የመንገድ ማኅበሩ የመንግሥትን ወጪ አቃለለ እንጂ የመንግሥትን ሒሳብ አልጠየቀም። «ስንት እናዋጣ?» የሚል ማኅበር ይመሰገናል። «ግብር እየከፈልን ለምን እንደገና እናዋጣለን?» ያለ ዕለት ስሙ ይለወጣል። የመንገድ ማኅበሩ ሰዎች ይህ ጥያቄ ሳይመጣላቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ነጋዴ የማይጠይቀውን ያውቃል።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ የትውልድ አገር ማኅበራት ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። የኢቢቢዮ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1938 መንደሮቹ ባዋጡት ገንዘብ ስድስት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ልኳል። የኢግቦ ማኅበራትም ከሌጎስ እስከ ካኖ የነጋዴው መተማመኛ ነበሩ። ነገር ግን ፖለቲካው ውስጥ ገብተዋል ተባለና እ.ኤ.አ. በግንቦት 1966 የጄኔራል አጉዪ ኢሮንሲ መንግሥት ከፓርቲዎቹ ጋር አንድ ላይ አገዳቸው። የእኛው ሜጫና ቱለማ ላይ ጣት የተነሣውም በዚያው ዓመት ነው። ኬንያ ደግሞ በሌላ በኩል ሄደች። ኬንያታ «ሀራምቤ» ሲል ሕዝቡ ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት አደረጋት፤ ውሎ አድሮ ግን መዋጮው የባለሥልጣን ድግስ ሆነ። ስጦታው ላይ ስሙ ይነበባል፣ ያልሰጠ ሹመት ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሥነ ምግባር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን ከሀራምቤ ልመና እስከመከልከል ደረሰ። አንዱ ጋ ማኅበሩን ዘጉት፣ ሌላው ጋ ዋጡት።

ደርግ ሁለቱንም አላደረገም ማለት ይቻላል፤ ከሥሩ ያለውን ነጋዴ ነው የቆረጠው። ባንኮቹ በ1967 ተወረሱ፤ በ1968 የወጣው አዋጅ ደግሞ የጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000፣ የቸርቻሪን በ200,000 ብር ገደበ። ቀጥሎ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ መጣ፣ ኬላ መጣ። በሕዝብ መዋጮ በተጀመረ መንገድ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ጤፍና በርበሬ ይፈተሻል። እስከ 1982 የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ ድረስ ብዙ ነጋዴ የኖረው ገንዘቡን ባንክ ሳያሳይ፣ በእቁብ እያዞረ ነው። እድርም ከቀበሌው ጎን ቆሞ ቀረ፤ ሬሳ ማንሣት ያለበት አለና።

ለግል ባንክ በር የከፈተው አዋጅ በ1986 ሲወጣ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የተደነቀ ሰው መርካቶን አያውቅም። ዕጣ መጣል የለመደ ሰው አክሲዮን መግዛት አያስቸግረውም። በ1991 የተቋቋመው ንብ ባንክ ከስሙ ጀምሮ ይህን ይናገራል።

አላሞግስም ግን። እቁብ ዋስ ለሌለው ዝግ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚጥለው የሌለው ድሀ ከደጅ ይቀራል፤ ዋስነት በአገር ልጅነት ሲሆን ደግሞ እንግዳው ይቀራል። ሴቶች የየራሳቸውን እቁብ ባይፈጥሩ ኖሮ በወንዶቹ ደብተር ላይ ስማቸው አይገኝም ነበር። እነዚህን ማኅበራት «የአገር በቀል ጥበብ» ብለው የሚያሸበርቁ ሰዎች ይህን አይነግሩንም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የሕግ ቃል ነው። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 በመብትና በአስተዳደር ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያመጣ ብሎ ብዙውን አዳክሟል፤ በ2011 በሌላ ተተክቷል። የዚያው አዋጅ መግቢያ አካባቢ ግን ሕጉ በእድርና በእቁብ ላይ እንደማይሠራ ተጽፎ ነበር። ስናነበው ደስ አለን፤ «አልነኩንም» አልን። ቆይቼ ሳስበው፣ የአገሩ ትልቁ የሲቪል ማኅበረሰብ ክፍል በአንድ ሐረግ ከጨዋታው ውጭ ሆኗል። አትመዘገብም፣ አትከሰስም፣ አትጠየቅምም። ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ኬላ ውይይት ሲጠራ ወንበር የሚሰጠው ታፔላ ላለው ነው።

እኛም ለምደነዋል። በእኔ ሰፈር እድር ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ለኮብልስቶን ሁላችንም አዋጥተናል፣ ድንጋዩ ግማሽ ላይ ቀርቷል፣ ሱቆቹ ጭቃ ውስጥ ናቸው፣ ደንበኛ ጠፋ፤ በእድሩ ማኅተም ለወረዳው ደብዳቤ እንጻፍና የቀረው ገንዘብ የት እንደገባ እንጠይቅ አሉ። ጭብጨባ ተሰማ። ሊቀመንበራችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ሲያነሡ የኖሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሱ እንኳን ፖለቲካ ነው፣ እታለም» አሏቸው። «እኛ እድር ነን።»

ቀጣዩ አጀንዳ የተሰበሩት ወንበሮች ጉዳይ ነበር።