ፍል ውሃና ጉድጓድ፦ ከኩልፎ እስከ አሉቶ

ከጋሞ ደጋ የሚነሳው የኩልፎ ወንዝ አርባ ምንጭን አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲወርድ የሚያቋርጠው ምድር የስምጥ ሸለቆው አካል ሲሆን፣ የመሬት ቅርፊት ተለጥጦ የሳሳበት፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያሉት የቶሳ ሱቻ ኮረብቶችም ከከርሰ ምድር በወጣ ቅልጥ አለት የተሠሩበት ነው። ለከተማዋ ስሟን ያወጡላት ምንጮች የሚጠጣ ውሃ ይሰጣሉ፤ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ምሥራቃዊ ጠርዝ ግን ፍል ውሃ ይፈልቃል።

ኢትዮጵያውያን ፍል ውሃን ለዘመናት የሚያውቁት ገላ መታጠቢያና መፈወሻ አድርገው ነበር። ከከርሰ ምድር ግለት ኤሌክትሪክ የማመንጨት ዘዴ፣ ማለትም ጂኦተርማል፣ በጣሊያን ላርዴሬሎ እ.ኤ.አ. በ1904 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አምስት አምፖሎችን በማብራት ተጀመረ፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ግን በ1969 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በረዳው አሰሳ ሲሆን፣ ከአፋር ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ከተመዘገቡት ተስፋ ሰጪ ሥፍራዎች አንዱ የአባያ ሐይቅ ሰሜናዊ አካባቢ ነበር።

ቁፋሮው ግን የዋለው በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ ነው። ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው ግርጌ ስለነበሩ የሚፈለገው ሙቀት አልተገኘባቸውም፤ በተራራው አናት የተቆፈረው ሦስተኛው ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚበልጥ ሙቀት አገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ግለቱ የሚነሳው ከአናቱ ሥር ሲሆን፣ የሞቀው ውሃ በስንጥቆች ውስጥ ወደ ጎን እየተጓዘና እየቀዘቀዘ ርቆ ሊፈልቅ ይችላል። በዚህ መሠረት የነጭ ሳሩ ፍል ውሃ የግለት መኖርን እንጂ የግለቱን ቦታ አያመለክትም፤ ፍል ውሃ ያለበት ሁሉ ኃይል ማመንጫ ይተከልበታል የሚለው የተለመደ አስተያየትም ይህን የዘነጋ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አሉቶ ላይ ከ7 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ የሙከራ ማመንጫ ተተከለ። ከጉድጓዱ የሚወጣው እንፋሎትና ፍል ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላውን ፔንቴን የተባለ ፈሳሽ ያሞቀዋል፤ የፔንቴኑ ተንም ተርባይኑን፣ ማለትም በግፊት የሚሽከረከረውን ዘዋሪ፣ ያዞረዋል። ማመንጫው ብዙ ሳይሠራ ተበላሽቶ ቆመ፤ እስከ 2007 ከፊል ጥገናም ድረስ በቂ አገልግሎት አልሰጠም። ግለቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ጉድጓዱንና መሣሪያውን በየዕለቱ የሚከታተል የሠለጠነ እጅ ነበር፤ ይህም ከመቆፈሪያው ወጪ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

እስከ 2015 ድረስ በአሉቶ ሁለት ተጨማሪ ጉድጓዶች የተቆፈሩ ሲሆን፣ ቀጥ ብለው ሳይሆን ዘንበል ብለው እንዲወርዱ ተደርጓል፤ እንደዚያ ሲወርዱ ቆመው የሚገኙትን ስንጥቆች በብዛት ማቋረጥ ይችላሉና።