ጠጉሯን የተላጨችው ሴትና ሁለተኛው ፍቅር፦ «ሂሮሺማ ፍቅሬ» እንደ ታሪክ ምንጭ



የታሪክ መምህር ስለ ፍቅር ፊልም ሊናገር ወደ መድረክ ሲወጣ አንዳንዶቻችሁ እንደምትገረሙ አውቃለሁ። ነገር ግን የመረጥኩት ፊልም የሙያ ባልደረቦቻችን ዘግይተው የደረሱበትን ጉዳይ ቀድሞ የተናገረ ነው። አላን ሬኔ ያዘጋጀው፣ ማርገሪት ዱራስ የጻፈችው «ሂሮሺማ ፍቅሬ» በ1959 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሬኔ በመጀመሪያ የታዘዘው ስለ አቶሚክ ቦምብ ዘጋቢ ፊልም እንዲሠራ ነበር። ጃፓናውያን ራሳቸው የሠሯቸውን ፊልሞች ከተመለከተ በኋላ ግን በዚያ መንገድ የሚጨምረው እንደሌለ ተረድቶ ወደ ዱራስ ሄደ። እርሷም የሁለት ሰዎችን ታሪክ ጻፈችለት። ስለ ሰላም በሚሠራ ፊልም ልትተውን ሂሮሺማ የመጣች ፈረንሳዊት ከአንድ ጃፓናዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጋር ትገናኛለች። ሁለቱም ባለትዳር ናቸው፤ እርሷም በማግሥቱ ወደ አገሯ ተመላሽ ናት። ሙዚየሙንና ሆስፒታሉን ማየቷን ስትነግረው እርሱ ማየቷን ይክድባታል።

የፊልሙ ልብ ያለው ግን ሂሮሺማ ላይ አይመስለኝም፤ ኔቬር በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ነው። ሴቲቱ በወጣትነቷ አንድ ጀርመናዊ ወታደር አፍቅራ ነበር። ከተማይቱ ነጻ ልትወጣ ስትል ወታደሩ በጥይት ተገደለ። እርሷን ጠጉሯን ላጯት፤ ወላጆቿም ከምድር ቤት ዘጉባት። ጠጉሯ ሲያድግ እናቷ ገንዘብ ሰጥታ በሌሊት ሰደደቻት፤ በብስክሌት ፓሪስ ስትደርስ የሂሮሺማ ስም በጋዜጦች ላይ ነበር።

ይህ የዱራስ ምናብ ብቻ አይደለም። ሮበርት ካፓ በኦገስት 1944 በሻርትር ከተማ ያነሣው ፎቶግራፍ አለ፤ ጠጉሯ የተላጨ ሴት ሕፃኗን ታቅፋ በሚስቅ ሕዝብ መካከል ስትሄድ ያሳያል። እንዲህ የተቀጡት ሴቶች ቁጥር ወደ 20,000 ይገመታል። ሁሉም በፍቅር የተከሰሱ አልነበሩም፤ ለጀርመኖች በመሥራት ወይም ሰው በመጠቆም የተከሰሱም ነበሩባቸው። ፎቶግራፉ ዓለምን ቢዞርም የፋብሪስ ቪርጂሊ ሰፊ ጥናት የታተመው በ2000 ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ጠጉሯን የምትላጨው ለሐዘን መሆኑን ሳስብ የኔቬር ታሪክ ይበልጥ ይከብደኛል። ልታለቅስለት ያልተፈቀደላትን ሟች የሐዘን ምልክት በራሷ ላይ ያደረጉባት ቀጪዎቿ ናቸው።

የመንግሥት ትዝታ የራሱ መንገድ ነበረው። ሬኔ ቀደም ሲል ስለ ናዚ ካምፖች በሠራው «ሌሊትና ጭጋግ» ውስጥ የአንድ ፈረንሳዊ ጠባቂ ባርኔጣ በሳንሱር ትእዛዝ እንዲሸፈን ተደርጓል፤ ፈረንሳዊ እጅ በጉዳዩ መኖሩ እንዳይታይ። «ሂሮሺማ ፍቅሬ»ም በካን ፌስቲቫል ከውድድር ውጭ ታየ፤ ምክንያቱ አሜሪካን ላለማስቀየም ነበር። አስቂኙ ነገር፣ ሁሉም ስለ ቦምቡ ሲጨነቅ የኔቬር ምድር ቤት ያስጨነቀው ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍቅር ልመለስ። በወንዝ ዳር ቡና ቤት ጃፓናዊው ሲጠይቃት ራሱን በሟቹ ቦታ አድርጎ፣ በሟቹ አንደበት ነው። እርሷም አንተ እያለች ትመልስለታለች። ባሏ እንኳ የማያውቀውን ታሪክ ብቻውን በመስማቱ ሰውየው ይደሰታል። እርሷ ግን ሆቴሏ ገብታ በመስተዋት ፊት ከሟቹ ጋር ስትነጋገር የተሰማት እፎይታ አይደለም፤ ታሪካቸውን በመናገሯ ከዳችው። ለዓመታት በዝምታ የጠበቀችው ሰው ከተተረከ ወዲህ መደብዘዝ ጀምሯል።

የቃል ታሪክ ለምትሰበስቡ ተማሪዎች ይህን ትዕይንት ደጋግማችሁ እንድታዩት እመክራለሁ። መቅረጫ ይዘን ሰው ቤት ስንገባ መናገር ተናጋሪውን ያሳርፈዋል ብለን እናስባለን፤ አንዳንዴም ያሳርፋል። የኔቬሯ ሴት ግን ለመናገር ዋጋ ከፍላለች፤ ያተረፈው አድማጩ ነው። በየማኅደራችን ካስቀመጥናቸው ምስክርነቶች ውስጥ ስንቱ በእንዲህ ያለ ዋጋ እንደተገኘ አንመዘግብም፤ ቅጹም ቦታ የለውም።

ፊልሙ ለሁለቱ ሰዎች ስም አልሰጣቸውም። በመጨረሻው ትዕይንት እርሱን ሂሮሺማ ብላ ትጠራዋለች፤ እርሱም ኔቬር ይላታል። ትሂድ ትቅር ሳይነገረን ያበቃል። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እኔም እዚህ ላይ አቆማለሁ።