ከዝሆን ጥርስ እስከ ቀይ ቡና

በለቀማ ወቅት ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የዘለቀ ሰው ይህን ያያል። ሴቶች ቀዩን ፍሬ በቅርጫት ይለቅማሉ፤ ከፊሉን በእሸቱ ለሰብሳቢ ያስረክባሉ፣ ከፊሉን አልጋ ላይ አስጥተው ጀንፈል ያደርጉታል። ማታ ምድጃ ላይ የሚጣደው ግን ብዙ ጊዜ የቡናው ቅጠል ነው። ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ጋር በሸክላ ይፈላል፣ በቅል ይጠጣል። ልማዱ ከአያት የወረደ፣ ጣዕሙም የሚወደድ ነው። ይሁንና ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት መሆኑ የዚህን ምድር ታሪክ ይናገራል። ጫካው ያበቀለውን ሁልጊዜ የሚተምነው ሩቅ ያለ ገበያ ነው።

ከቡና በፊት ነጋዴ የሚፈልገው የዝሆን ጥርስ ነበር። በ1890 ዓ.ም መባቻ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በንጉሠ ነገሥቱ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ መንግሥቱ አበቃ። ዘመቻው ቀጥሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ወረደ። ድንበር ማስከበር አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሌላው የግምጃ ቤቱ ጥያቄ ነው። ጠመንጃ ከውጭ የሚገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድ፣ በወርቅና በቡና ነበር፤ ይህ ሀብት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በደቡብና በምዕራብ ነው። ወታደሩም ደመወዙን በብር አያገኝም ነበር፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ ያርስለታል፣ እህል ይፈጭለታል፣ እንጨት ይሸከምለታል።

ዝሆኑ ሲመናመን በሰው መነገዱ ባሰ። በማጂ አካባቢ መንደሮች እስኪራቆቱ ድረስ ሰው እየተፈነገለ ተሸጠ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ብትገባም፣ ንግዱ ትርፍ እስካስገኘ ድረስ አዋጅ ብቻውን አላስቆመውም። ፋሺስት ኢጣሊያም ይህንኑ ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው።

ከዚያ ወዲህ ተራው የቡና ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ያወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ገበሬውም ከባለ ርስት ተላቀቀ። ከዓለም ገበያ ግን አልተላቀቀም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብራዚል ውስጥ የወረደ ውርጭ የቡናውን ተክል አቃጠለው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ።

ጦርነቱና የዋጋው ንረት በአንድ ዓመት ተገጣጠሙ። ቡና የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለነበር መንግሥት ከትርፉ ትልቁን ድርሻ በቀረጥ ወሰደ። ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ጆንያ ተፈተሸ። በሰሜን የነበረው ጦርነት ሲራዘምና ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የዚያው ገበሬ ልጅ ተመለመለ። አንድ ቤት ለጦርነት ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ አንዴ በቡናው፣ አንዴ በልጁ።

በ1981 ዓ.ም ዋጋውን ደግፎ ያቆየው የዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። ዋጋው ሲያሽቆለቁል የሶቪየት ኅብረት ድጋፍም እየነጠፈ ነበር፤ ደርግ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደቀ። ደርግን የጣለው የቡና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ግን ካዝናው ባዶ በቀረበት ሰዓት ነው የወደቀው። በ1994 ዓ.ም አካባቢ ዋጋው እንደገና ሲዘቅጥ ጉዳቱ በቀጥታ የገባው ከገበሬው ቤት ነው። ቡና ሲያወጣ የሣር ጣሪያ በቆርቆሮ ይለወጣል፤ ሲወድቅ ደብተር የሚገዛበት ይታጣል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የጌሻ ቡና ነገር ነው። በ1920ዎቹ ከዚሁ ደቡብ ምዕራብ ጫካ የተወሰደ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። በ1996 ዓ.ም በፓናማ ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ፤ ዛሬ በዓለም እጅግ ከሚወደዱ ቡናዎች አንዱ ነው። ስሙ የእኛ ጫካ ስም ነው፤ ዝናውን ያተረፈለት ግን ሌላ አገር ነው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰበረ። ነገር ግን በክረምት በቆሎ ለመግዛት፣ ገና በዛፍ ላይ ባለ ቡናው የተበደረ ገበሬ ከዚህ ዋጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቡናው የተሸጠው ከመቅላቱ በፊት ነዋ።

የብራዚልን ውርጭ ሚዛን ተፈሪም ሆነች ቴፒ አታግደውም። በክረምት የሚደርስ ብድር፣ ጀንፈል የማይሻግትበት መጋዘን፣ ለአባላቱ በእውነት የሚሠራ የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን በእኛው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የሌላውን ጦርነትና ንግድ የተሸከመው የዚህ ምድር ገበሬ ዋጋ እስኪሻል ጠብቆ መሸጥ ይገባዋል። ብድሩና መጋዘኑ ከመጪው ክረምት በፊት ይድረሱለት።