ያለ አፈር የሚበቅል ተክልና የሥሩ ውሃ ቅዝቃዜ

በውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም የሚጠወልግ ተክል አለ። ያለ አፈር፣ የምግብ ጨው በተሟሟበት ገንዳ ሥሩ የተዘፈቀ ሰላጣ፣ ቀኑ ሲግል ቅጠሉን ይጥላል፤ ነጭ የነበረው ሥሩም ቡናማ ሆኖ ይልሞሰሞሳል። ነገሩ እንቆቅልሽ ቢመስልም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሥር እንደ ማናቸውም ሕያው አካል ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በውሃው ውስጥ የተሟሟውን ኦክሲጅን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን መያዝ ሲችል፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.6 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የሥሩ ፍላጎት ግን ከሙቀቱ ጋር ያድጋል። ይህም ሳያንስ ፒቲየም የተባለው ሥር አበስባሽ ተዋሲ በሞቀ ውሃ ይበረታል። ስለዚህ በሞቃት አገር ያለ አፈር ለሚያለማ ሰው፣ ውሃውን በምን ላቀዝቅዝ የሚለው ጥያቄ የሰብሉ የመትረፍና የመጥፋት ጥያቄ ነው። ፋብሪካ የሠራውን ማቀዝቀዣ ለመግዛት አቅም ያጠረው አትክልተኛም በእጁ ሊሠራው ይነሳል። በዚህ ሥራው ሳያውቀው የአንድ ረጅም ታሪክ ወራሽ ነው፤ የቅዝቃዜም ሆነ የውሃ እርሻ ታሪክ በአብዛኛው በግል ጥረትና በጓሮ የተጀመረ ነውና። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማቀዝቀዝ ማለት ሙቀትን ካለበት አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ በብረት ዕቃ ካለው ውሃ ይልቅ የሚቀዘቅዘው፣ በሸክላው ግድግዳ ያላበው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ይኸው የትነት ኃይል በቤተ ሙከራ የተመረመረው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን፣ ኤተርን የመሰለ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ሲተን ብርቱ ቅዝቃዜ እንደሚያስከትል በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጆን ሃድሊ በካምብሪጅ፣ የቴርሞሜትርን ጫፍ በኤተር እያረጠቡ በወናፍ በማራገብ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ያህል አደረሱት። በሞቃት የበጋ ቀን ሰውን አቀዝቅዞ መግደል የሚቻል መሆኑን ፍራንክሊን በመደነቅ መጻፉ የሚታወስ ነው።

ይሁን እንጂ የተነነው ፈሳሽ ወደ አየር እየጠፋ ሙከራ እንጂ ሥራ አይሆንም። ተንኖ የወጣውን ጋዝ ጨምቆ፣ ሙቀቱን በውጭ አራግፎ፣ ወደ ፈሳሽነት መልሶ ዳግመኛ ማትነን ያስፈልጋል። በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ጄኮብ ፐርኪንስ ይህንን ዑደት በ1834 በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ በየቤቱ የሚያንጎራጉረው ፍሪጅ በመሠረቱ ከዚያ ዑደት አልራቀም። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት በሁለት የተለያዩ ብረቶች መጋጠሚያ ሲያልፍ አንደኛው መጋጠሚያ እንደሚቀዘቅዝ ገለጸ። የዛሬው ቤት ሠራሽ ማቀዝቀዣ ከእነዚህ ከሁለቱ የ1834 ሐሳቦች በአንዱ ላይ የቆመ ነው።

ሐሳቡን ወደ ማሽን የለወጡት ሰዎች ግን ብዙዎቹ በሙያቸው መሐንዲሶች አልነበሩም። በፍሎሪዳ በአፓላቺኮላ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ጎሪ የወባ ሕሙማኑን ክፍል ለማቀዝቀዝ ሲል አየርን ጨምቆ እንደገና በማስፋት በረዶ የሚሠራ ማሽን ፈጠረ፤ በ1851 ፓተንት ቢያገኝም ገንዘብ የሚያወጣለት አጥቶ በ1855 ሞተ። በአውስትራሊያ የጂሎንግ ከተማ ጋዜጠኛ የነበረው ጄምስ ሃሪሰን የማተሚያ ፊደላትን በኤተር ሲያጥብ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተመልክቶ ነው ወደ በረዶ ሥራ የገባው ይባላል። በ1850ዎቹ የሠራቸው የኤተር ማሽኖች ለቢራ ጠማቂዎች አገልግለዋል። ኤተር በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ሥራው በእሳት እንደ መጫወት ነበር።

የውሃ እርሻው ታሪክም ከዚህ አይለይም። ጀርመናውያኑ ዩሊየስ ሳክስና ቪልሄልም ክኖፕ በ1860 ገደማ ተክልን በጨው ውሃ ማሳደግ የቻሉት ለምርምር ብቻ ነበር። በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ዊልያም ጌሪኪ ግን ከ1929 ጀምሮ ዘዴው ለገበያ ሰብል እንደሚሆን አስታወቀ፤ በጓሮው ያበቀለው የቲማቲም ሐረግም ከ7 ሜትር በላይ ረዘመ። ሃይድሮፖኒክስ የሚለውን ስም በ1937 በጽሑፍ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሥራውን በቤቱ፣ በግል ጊዜው የሠራው መሆኑን በመግለጽ ቀመሩን አልሰጥም በማለቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተጋጨ። ዩኒቨርሲቲውም ለዴኒስ ሆግላንድና ለዳንኤል አርነን ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሰጠ። እነርሱም በ1938 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የውሃ እርሻ ምርት ከመልካም አፈር ምርት የላቀ እንዳልሆነ አስታወቁ፤ ሥሩ አየር እንዲያገኝ ማድረግም ግድ መሆኑን አሳሰቡ። ከጌሪኪ ጉራ ይልቅ ለአትክልተኛው የጠቀመው ይህ ቁጥብ ማሳሰቢያ ሳይሆን አይቀርም።

ዘዴው ወደ ሞቃት አገሮች ሲዘልቅ የሙቀቱ ችግር ጎልቶ ወጣ። በ1990ዎቹ በሲንጋፖር ሊ ሲንግ ኮንግና ሄ ጂ ያካሄዱት ምርምር፣ ቅጠሉ በሐሩር አየር ውስጥ እያለ ሥሩ ብቻ በ20 ዲግሪ ገደማ ቢጠበቅ የደጋ ሰላጣ በቆላ ሊለማ እንደሚችል አሳየ። መላውን ቤት ከማቀዝቀዝ ይልቅ የሥሩን ውሃ ብቻ ማቀዝቀዝ ይበቃል ማለት ነው። ቤት ሠራሹን ማቀዝቀዣ ተስፋ ያለው ሥራ ያደረገውም ይኸው ነው።

ብዙዎች የሚጀምሩት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ጠቅልለው በትንሽ ፍሪጅ ውስጥ በማስገባት ነው። የማይሠራበትን ምክንያት ስሌት ይናገራል። 200 ሊትር ውሃ ከ30 ወደ 20 ዲግሪ ለማውረድ 8,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት መነሳት አለበት። 100 ዋት የሚያህል ሙቀት የሚያነሳ ትንሽ ፍሪጅ ይህን ለመጨረስ 23 ሰዓት ይፈጅበታል፤ እስከዚያም ፀሐይዋ ሥራዋን አታቋርጥም። በፔልቲዬ ሰሌዳ የሚሠራውም ከሚበላው ኤሌክትሪክ የሚያነሳው ሙቀት ብዙ ጊዜ ስለሚያንስ ለትልቅ ገንዳ አይሆንም። በመስኮት የሚገጠም አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ ግን 1,500 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያነሳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጽመዋል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የዚህን ማሽን ቀዝቃዛ ጥቅል ቧንቧ፣ ሳይቆርጡ በጥንቃቄ አጥፈው በውሃ ውስጥ ይዘፍቁታል። ሳይቆርጡ መባሉ በከንቱ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ ያወጡት የፍሪዮን ጋዝ የማይቃጠልና የማይመርዝ ተብሎ ቢመሰገንም፣ ክሎሪን ያለው ይህ ዓይነት ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዳ ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 አስጠንቅቀው፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈርሟል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ፍሪጆች የገባው አይሶቡቴን ደግሞ እንደ ኤተሩ ዘመን ተቀጣጣይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የመዳቡን ቧንቧ በቀጥታ የምግብ ውሃው ውስጥ መዝፈቅ ነው። የሆግላንድ ቀመር ለተክሉ የሚፈቅደው መዳብ በሊትር 0.02 ሚሊግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በመጠኑ አሲድነት ያለው የምግብ ውሃ መዳብን ቀስ በቀስ እየበላ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስገባል። ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ ሥሩ የሚቆረፍደው በዚህ ነው። መፍትሔው ማሽኑ በሌላ ዕቃ ያለውን ተራ ውሃ እንዲያቀዝቅዝ ማድረግና ያንን ውሃ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ጥቅል ቧንቧ በገንዳው ውስጥ ማዞር ነው። ፋብሪካዎች ቲታኒየም የሚጠቀሙትም ስለዚሁ ነው።

ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የሚጨመር አንድ ስሌት አለ። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ችግሩ የለበትም ማለት አይቻልም። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ባለ 20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በሊትር 6.8 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህም በባሕር ዳርቻ 36 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከሚይዘው የሚበልጥ አይደለም። ከቅዝቃዜው ጋር አየር መንፊያ ፓምፕም የግድ ያስፈልጋል።

በዚህ ከፍታ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለሆነ የእንስራው ጥበብ መልሶ ዋጋ ያገኛል። የ200 ሊትሩን ሙቀት በ10 ዲግሪ ለመቀነስ የሚያስፈልገው 3.5 ሊትር ያህል ውሃ መትነን ብቻ ነው፤ ኮምፕሬሰር አይጠይቅም፤ ምን ያህል ድረስ እንደሚወርድ የሚወስነው ግን የአየሩ ድርቀት ነው። የሚተነው የምግብ ውሃው ራሱ ከሆነ ጨው እየወፈረ ሥሩን ስለሚያቃጥል፣ ንጹሕ ውሃ በገንዳው ውጭ በተጠቀለለ እርጥብ ጆንያ ላይ እንዲወርድና ነፋስ እንዲያገኘው ይደረጋል። ክረምት ሲገባ ትነቱ ይደክማል፤ በእነዚያ ወራት ግን ሰማዩ ስለሚደምን የገንዳው ውሃም እምብዛም አይሞቅም።