የደረቁ ቆዳዎች፦ የቀይ ባሕር ዓሦች በየቤተሰባቸው የተለዩበት ታሪክ

በሚያዝያ 1763 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የየመኗ ሞካ ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢዎች ከአንድ የዴንማርክ የጉዞ ቡድን ጓዝ ውስጥ አስቀድመው የከፈቱት በርሜል ነበር። በውስጡ ከቀይ ባሕር የተያዙ ዓሦች በአልኮል ተዘፍዝፈዋል። ሹሞቹ ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ ብለው ስለጠረጠሩ በብረት ቆሰቆሱት፤ በኋላም በርሜሉ ተገለበጠና ግማቱ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ በብልቃጥ የተቀመጡ እባቦች ሲወጡማ ፈረንጆቹ ሰው ሊመርዙ መጥተዋል ተባለ። ይህን የጻፈልን የቡድኑ ካርታ አንሺ ካርስተን ኒቡር ነው።

ዓሦቹን የሰበሰበው ግን ፔተር ፎርስኮል ነበር፤ ሄልሲንኪ የተወለደ፣ የስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ ተማሪ። ሞካ ላይ የደረሰበት ጥፋት ሥራውን ሁሉ ያላጠፋው ሌላ ዘዴም ስለነበረው ነው። ዓሣውን ከአፉ እስከ ጅራቱ ለሁለት ይሰነጥቅና ሥጋውን አውጥቶ የአንዱን ጎን ቆዳ ከነክንፉ እንደ ዕፅዋት ቅጠል በወረቀት መካከል ያደርቀዋል። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ ዓሣው ገና ትኩስ ሳለ መልኩን በላቲን ይጽፋል፤ የክንፉን እሾሆችም ይቆጥራል። ፎርስኮል በዚያው ዓመት ሐምሌ 11 ቀን የመን ውስጥ ያሪም ላይ በወባ ሞተ፤ 31 ዓመቱ ነበር። ከቡድኑ ስድስት ሰዎች በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነው። የሟቹን ጽሑፍ በ1775 ኮፐንሃገን ላይ አሳተመው። ከደረቁት ቆዳዎች 99ኙ ዛሬም በከተማዋ ይገኛሉ።

የ1775ቱን መጽሐፍ ዛሬ የዓሣ ቤተሰቦችን የሚያውቅ ሰው ቢያነብበው ግራ ይጋባል። ፎርስኮል ኬቶዶን በሚለው አንድ ወገን ሥር ቢራቢሮ ዓሣን፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ ያለውን፣ ጅራቱ ሥር እንደ ካራ የሰላ እሾህ የያዘውንና እንደ ሰሐን ክብ የሆነውን አጉሯል። ዛሬ እነዚህ በተለያዩ ቤተሰቦች ተከፋፍለዋል። ያም ሆኖ ሰውየውን መኮነን ይከብዳል፤ ሊኔየስ ያስተማረው ጥርሱ እንደ ብሩሽ የደቀቀውንና ሰውነቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ሁሉ በአንድ ላይ እንዲያይ ነውና። ፎርስኮል ግን ባለካራዎቹን በዚያው ወገን ውስጥ ለብቻ ነጥሎ አካንቱሩስ አላቸው፤ ስሙ ዛሬም ይሠራል። ጥርሶቹ ተጣብቀው ምንቃር የሆኑለትን በቀቀን ዓሣ ደግሞ ስካሩስ ብሎ ለየ። እዚያው ላይ ሲጋኑስ የተባለውን ዓሣ መደባለቁ ስሕተት ነበር፤ ሲጋኑስ በሆዱ ክንፍ በሁለቱም ጫፍ እሾህ አለው፣ እሾሁም መርዛም ነው፤ በዚህ ምልክት ከማንም ይለያል። ለዝርያዎቹ ከሰጣቸው ስሞች መካከል ሶሐል፣ ቦሐር፣ ሐሪድና ጎባን የዐረብ ዓሣ አጥማጆች ቃላት ናቸው። በእኔ ግምት የመጀመሪያዎቹ ለይቶ አዋቂዎች እነሱ ነበሩ፤ መጽሐፉ ግን አንዱንም በስም አያነሣም።

ከፎርስኮል በኋላ ምዕራፉ ወደ ምጽዋ ይሻገራል። ኤረንበርግና ሄምፕሪች የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በምጽዋ ሲሰበስቡ ሄምፕሪች በሰኔ 1825 እዚያው አረፈ፤ ዓሦቹን ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ኩቪዬ በታላቁ የዓሦች መጽሐፉ ተጠቀመባቸው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1832 ጎንደር ገባ። ሩፔልን እዚህ አገር ብዙዎች የሚያውቁት ወደ ፍራንክፈርት በወሰዳቸው የግዕዝ ብራናዎች ነው። ለዓሣ ጥናት ግን የቀይ ባሕር ዓሦችን ከጣና ሐይቅ ዓሦች ጋር ያጠና ሰው ነው።

ቀጣዩ ካርል ክሉንዚንገር መንገደኛ አልነበረም። በግብፅ ወደብ ቁሴር ሐኪም ሆኖ ዓመታት ኖረ፤ በየጊዜው የሚመጣለትን ትኩስ ዓሣ እያየ በ1870ና 1871 የቀይ ባሕርን ዓሦች በየቤተሰቡ አጠናቅሮ አወጣ። አንድ ቦታ ተቀምጦ ማየት ከፈጣን ጉዞ የሚበልጥበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል፤ መንገደኛ የሚያገኘው የዕለቱን ዓሣ ብቻ ነው።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቤተሰብ ሁሉንም አስቸግሯል። በቀቀን ዓሦች አብዛኞቹ ሴት ሆነው ይጀምሩና ኋላ ወደ ወንድ ይለወጣሉ፤ ቡናማዋ ወይም ግራጫዋ ስትለወጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ትሆናለች። ሙዚየም ውስጥ ቆዳ የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱን ሁለት ዝርያ ብሎ ቢሰይም አይገርምም። በዚህ መንገድ ከ300 በላይ ስሞች ተከማቹ፤ ዛሬ እውነተኛ ዝርያ ተብለው የቀሩት ወደ 100 ናቸው። የተምታታው ዝርያው እንጂ ቤተሰቡ አልነበረም፤ ምንቃሩን ያየ ሁሉ በቀቀን ዓሣ መሆኑን አይስትም። ነገሩ የጠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ተመራማሪዎች ባሕር ውስጥ ጠልቀው ሁለቱን መልኮች አብረው ሲዋለዱ አዩ፤ ብልታቸውንም መረመሩ።

ቤተሰቡ ራሱ ግን አሁን ተጠይቋል። በ2000ዎቹ የተሠራ የዘረመል ጥናት በቀቀን ዓሦች ላብሪዴ ከሚባለው ከሌላው ትልቅ የኮራል ዓሦች ቤተሰብ መሃል የበቀሉ መሆናቸውን አሳየ። አንዳንድ ሊቃውንት ስካሪዴ የሚለውን የቤተሰብ ስም ዛሬም ይዘዋል፤ ሌሎቹ ግን በላብሪዴ ሥር አስገብተዋቸዋል።