የፋርስ ደቃቅ ሥዕሎች የአካባቢ ስልት

በእጅ በተጻፉ የፋርስ መጻሕፍት ገጾች ላይ ከጽሑፉ ጋር ተዋህዶ የሚሣለው ደቃቅ ሥዕል (ሚኒያቸር) የተሠራበት ከተማ በቅድሚያ የሚፈለገው ጸሐፊው ስሙንና ዘመኑን፣ አንዳንዴም ቦታውን ከሚያሰፍርበት የመዝጊያ ጽሑፍ ነው፤ ይህ ከጠፋ ግን ሥዕሉ ራሱ ይመረመራል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በኢንጁ ገዥዎች ሥር በሺራዝ የተሠሩት፣ መደባቸው ቀይ ወይም ቢጫ፣ አሣሣላቸውም የጥድፊያ ስለሆነ በቀላሉ ይለያሉ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በቱርክመኖች ዘመን፣ ከዚያችው ከተማ ለገበያ በብዛት የወጡት ደግሞ ደልደል ያሉ፣ ክብ ፊት ሰዎችን ጥቅጥቅ ባለ ለምለም ሣር ላይ ያሳያሉ። የሄራት ሥራ፣ በተለይም ሠዓሊው ቢህዛድ እ.ኤ.አ. በ1488 ለባለቅኔው ሳዲ «ቡስታን» የሣላቸው ሥዕሎች፣ በረጋ የቀለም ስምምነትና በሕንፃ አከፋፈል ይታወቃል። በሥዕሎቹ ላይ ከሚታየው ጥምጥም መካከል ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቀይ ዘንግ የሳፋቪድ ሥርወ መንግሥት ምልክት ነው፤ ይሁን እንጂ በታብሪዝም በሺራዝም ስለሚገኝ ከከተማው ይልቅ ዘመኑን ይመሰክራል። ሠዓሊያን ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ይዘዋወሩ ስለነበር፣ ቢህዛድም ከሄራት ወደ ታብሪዝ ስለሄደ፣ በአንድ ምልክት ብቻ የሚሰጥ ፍርድ አይጸናም።